በጫት ጆንያ ተጠቅልሎ የመጣው ቸኮሌት

ታላቅ ወንድሜን በሚዛን ብረት መትቼ ሦስት ጣቶቹን ሰብሬያለሁ። ሌላ ሰው አጣፍጦ ከሚያወራው እኔው ልናገር። አባታችን ሲሞት ገና ሕፃን ነበርኩ፤ ያሳደገኝም ያስተማረኝም እሱ ነው።

ጭሮ ውስጥ የምግብ ቁጥጥር ሠራተኛ ነኝ። ከውጭ የገባ ምግብ ያስገባው ሰው ስም፣ የመጠቀሚያ ጊዜ፣ ከጉምሩክ የወጣበት ወረቀት ሊኖረው ይገባል። ከጎደለው እወርሳለሁ፣ አስቃጥላለሁ። በዚህ የተነሳ የስንቱ ጥርስ ውስጥ ገብቻለሁ። አንዱ ነጋዴ ግንባሬን በድንጋይ ፈንክቶኛል፤ ሌላውን እኔ አንገቱን ይዤ ከግድግዳ ጋር አላትሜዋለሁ። ንዴቴ ሲመጣ እጄ ከአፌ ይቀድማል።

ወንድሜ ገበያው ዳር ሱቅ አለው። ኢድ ላይ ልጆች አዲስ ልብስ ለብሰው በየቤቱ ሲዞሩ ጣፋጭ ነገር ይሰጣቸዋል፤ ስለዚህ በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ሱቁን በቸኮሌት ሞላው። የሌላውን ሁሉ ፈትሼ የሱን ብዘለው ከተማው አፍ ላይ እወድቃለሁ። ሁለት እማኞች ይዤ ሄድኩ።

ካርቶኑን ስከፍት እርጥብ ነው። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ጫት ጠረፍ አድርሰው የሚመለሱ መኪኖች ከባዶው ጆንያ ጋር የኮንትሮባንድ ዕቃ ይዘው ነው የሚመጡት። መንገድ ላይ በሚኤሶ ቆላ ሲያልፉ ቸኮሌቱ እንዳይቀልጥ በነዚያ ጆንያዎች ጠቅልለው ውሃ ያርከፈክፉበታል። ጫቱ ላይ የተረጨው የተባይ መድኃኒት ግን ጆንያው ላይ ይቀራል። አንዱን ፈትቼ ሳሸተው አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ።

«ይሄን ለልጆች ልትሸጥ ነው?» አልኩት።

«አቦ ተወኝ። ሙቀት እንዳያበላሸው ነው እንጂ ምን ሆነ? ውጭውን ነው የነካው።»

«መርዝ ነው። ወረቀትም የለህ፣ ያስገባው ሰው ስምም የለበት። ይቃጠላል።»

«ዛሬ ካቃጠልከው ሱቄ ተዘጋ ማለት ነው፤ ያለኝ ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ካርቶኑን አነሳሁ። ሊነጥቀኝ ሲታገል ተቀደደና ቸኮሌቱ መሬት ላይ ተበተነ። በሩ ላይ በተሰበሰበው ሰው ፊት በጥፊ አጮለኝ። ልጅ ሆኜ እንኳ መትቶኝ አያውቅም። «ባጎረስኩህ እጄን ልትቆርጠው መጣህ?» አለኝ። በፆም አፌ የማይደገም ስድብ ሰደብኩት። ኮሌታዬን አነቀኝ፤ በክርኔ አፉን አልኩት፤ ከንፈሩ ተሰነጠቀ። ተያይዘን ካርቶኖቹ ላይ ወደቅን። እሱ ለመነሳት ባንኮኒውን ሲጨብጥ እኔ ቀድሜ ተነስቼ የሚዛኑን ብረት እጁ ላይ አወረድኩት። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ብረቱን ደግሜ አነሳሁ። እማኞቹ በኦሮምኛም በአማርኛም «ዲሲ፣ ተው» እያሉ ባይዙኝ ኖሮ አናቱን ነበር የምለው። ወላሂ አልዋሽም።

ጩኸቱን ሰምቶ ፖሊስ ደረሰ። ወንድሜ እጁን በሽርጡ ጠቅልሎ ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ ደሙ ቸኮሌቱ ላይ ይንጠባጠባል። ንዴቴ ያኔ ብን ብሎ ጠፋ። መታሰሩም ሥራዬም አልታየኝም። ወንድሜን አጣሁት ብዬ ነው የፈራሁት።

«ማነው የመታህ?» አለው ፖሊሱ።

ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ። «ማንም አልመታኝም። ካርቶን ሳወርድ ሚዛኑ ወደቀብኝ።»

እማኞቹ አንገታቸውን ደፉ። ፖሊሱ ወደ እኔ ዞሮ «እንደዚያ ነው?» አለኝ።

በሥራ ዘመኔ ሐሰት የተጻፈበት ዕቃ አንድ ቀን አሳልፌ አላውቅም። «እንደዚያ ነው» አልኩና ፖሊሱ ቃሉን የጻፈበት ወረቀት ላይ ፈረምኩ።

ቸኮሌቱ በማግስቱ ከከተማ ወጣ ብሎ ተቃጠለ። ደንቡ ባለንብረቱ ቆሞ አይቶ ይፈርም ይላል። ወንድሜ ቀኝ እጁ በጀሶ ታስሮ መጣ። እስክሪብቶ መያዝ ስላልቻለ የግራ አውራ ጣቱን ይዤ ቀለም አስነካሁና ወረቀቱ ላይ ተጫንኩት። እጁን አልነጠቀኝም። እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ትቶልኝ እሳቱን ያያል።

«ጨረስክ?» አለኝ።

«ጨረስኩ» አልኩት።

ጣቱን በሽርጡ ጠርጎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም።