የተደበቀው ኮርኒስ

ባለፈው ኅዳር ልጄ ሕይወት ቦሌ ካለ ሱቅ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዝታ መጣች። ሳሎን ሰካችውና እግራችንን ዘርግተን ተቀመጥን። የጀመርነውን ፊልም ሳንጨርስ ቤቱ ጨለመ። የቆጣሪው ካርድ አልቆ ነበር።

«እማዬ፣ ትናንት እኮ ነው የሞላሁት» አለች በስልኳ እያበራች።

«ማሞቂያሽ በላዋ» አልኳት።

እሷ ካርድ ልታስሞላ ስትወጣ እኔ ተነስቼ እጄን በበረንዳው በር ዙሪያ አስኬድኩ። ከሥሩ ነፋሱ እንደ ልቡ ይገባል። ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ለበርና ለመስኮት ብዙም አይጨነቁለትም። እኔ ደግሞ ቤት ሲበርድ መጀመሪያ የምፈልገው ብርዱ የሚገባበትን ነው። ይህን ልማድ ያመጣሁት ከድሮ ቤታችን ነው።

ከባለቤቴ ከግርማ ጋር እንደተጋባን የተከራየነው ሃያ ሁለት ጀርባ አንዲት ክፍል ነበር። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ራቁቱን ቆርቆሮ። ክረምት ዝናቡ ሲወርድበት መደማመጥ አይቻልም። ዝናቡስ ደህና ነው፤ ክፉው ከመስቀል በኋላ ሰማዩ ሲጠራ የሚመጣው ብርድ ነው። አዲስ አበባን የማያውቅ ሰው በፀሐይዋ ይሸወዳል። ቀን ሹራብ ታስወልቅና ማታ ጥርስ ታንቀጫቅጫለች። ሕይወት የተወለደችው በዚያ ሰሞን ነው። ሌሊት እጇን ስነካው ይቀዘቅዛል፤ በጣም እፈራ ነበር።

አከራያችን እትዬ ዘነበች ባላቸው የሞተባቸው፣ በዚያው ግቢ ትልቁ ቤት ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ ቁጥብ ሴት ነበሩ። የግቢው ቆጣሪ አንድ ስለሆነ የመብራቱን ሂሳብ እኩል እንካፈላለን። ገና ስንገባ «ለሙቀት ብሎ ምድጃ የሚሰካ ሰው መስመሩን እቆርጥበታለሁ» ብለውናል። እኛም አንሰካም። የምጠጣውን አጥሚት እንኳ ጠዋት አንዴ አፍልተን ድስቱን በብርድ ልብስ እንጠቀልለዋለን፤ እስከ ማታ እንደሞቀ ይቆያል። ሂሳቡ ግን ከወር ወር ከፍ አለ፣ የእትዬ ዘነበች ዓይንም እኛ ላይ አረፈ።

«መቼም አራስ ቤት ነው፣ ሳትሰኩ አትቀሩም» ይላሉ በራችን ላይ ቆመው።

ግርማ አንድ ቀን ከመገናኛ ባዶ የስኳር ጆንያዎች ተሸክሞ መጣ። አጥበን ፈታናቸው፤ እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ እርስ በርስ ሰፋኋቸው፣ እሱ ወጥሮ ከጣሪያው ሥር በምስማር መታቸው። ኮርኒስ ሆነ። በወጉ ቢሆን ነጭ ኖራ መቀባት ነበረብን። ግን ቤት ያሳመረ ተከራይ ምን እንደሚገጥመው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ወይ ኪራይ ይጨመርበታል፣ ወይ «ልጄ ሊገባበት ነው» ተብሎ ልቀቅ ይባላል። እኛ አራስ ልጅ ይዘን የት እንሄዳለን? ስለዚህ ግርማ የሻይ ቅጠል ውሃ ረጭቶ አዲሱን ኮርኒስ አሮጌ አስመሰለው። ሰው ቤቱን ለእንግዳ ያሳምራል፣ እኛ አስቀያሚ ለማድረግ ደከምን።

ቤቱ ግን ሞቀ። የሕይወት እጅም ሞቀ።

እትዬ ዘነበች ሊጠይቁኝ ገንፎ ይዘው የመጡት አመሻሽ ላይ ነው። ገና ሲገቡ ቀና አሉ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«አቧራ ልጅቷ ላይ እንዳይወርድ ብለን ነው፣ እትዬ። አሮጌ ጆንያ ነው፣ እንደሚያዩት» አለ ግርማ።

በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ገንፎውን በልቼ ጨረስኩ፣ እሳቸው አልተነሱም። ጋቢያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አደረጉ። ያለ ጋቢ አይቻቸው አላውቅም። እኔ በልቤ ዕቃችንን መጠቅለል ጀምሬአለሁ።

«ግርማ» አሉ በመጨረሻ፣ «ለእኔም ትሠራልኛለህ?»

በማግስቱ ግርማ ልኬት ሊወስድ ወደ መኝታ ክፍላቸው ሲገባ ኮርኒሳቸው ረግፎ ቆርቆሮው ይታያል፣ ከአልጋው አጠገብ ምድጃው ተሰክቶ ቀልቷል። ሂሳቡን ማን እንዳናረው ያኔ ገባው። እሳቸውም እንደገባው አወቁ።

«ጉልበቴን ሲቆረጥመኝ ምን ላድርግ» አሉት። «ባለ ትልቁ ቤት በረዳት እንዳልባል ነው።»

ይህን ሲነግረኝ መጀመሪያ ተናደድኩ፣ አልዋሽም። በራችን ላይ ቆመው የሚሉትን አስታወስኩ። ከዚያ በዚያ ክፍል ብቻቸውን ሲቀመጡ ታየኝና ንዴቱ ለቀቀኝ። የእሳቸውንም ኮርኒስ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ኖራም ተቀባ። ምድጃው ተነቀለ፣ ሂሳቡም ወረደ። ኪራዩን አልጨመሩም ብል ደስ ባለኝ፤ መስከረም ሲጠባ ጨመሩ። አከራይ ናቸዋ። ልቀቁ ግን አላሉንም።

ሕይወት ካርዱን አስሞልታ ስትመለስ አሮጌ ብርድ ልብስ ቀድጄ ለበር ሥር የሚሆኑ ሁለት ጥቅሎች እየሰፋሁ ነበር። ሳቀችብኝ። አንዱን ከበሩ ሥር ሸጎጥኩት፤ ማሞቂያው ከዚያ ወዲህ ሳጥኑ ውስጥ ነው። ሁለተኛውን ይዤ ፊት ለፊታችን ብቻቸውን የሚኖሩትን ሽማግሌ በር አንኳኳሁ። በራቸው ሲከፈት ሁልጊዜ ቅዝቃዜው ከውስጥ እስከ ደረጃው ይወጣል፣ እሳቸው ግን አንድም ቀን በረደኝ ብለው አያውቁም።

ይበርድዎታል ወይ ብዬ አልጠየቅኳቸውም። «ጨርቅ ተርፎኝ ነው» አልኳቸው።