እትዬ ጫልቱ ያልጠራችው ስም

አሰላ ውስጥ ካለ አንድ ክሊኒክ ሥራ የገባሁ ቀን፣ ኃላፊው ድሬሰር ታደሰ የካርድ ሳጥንና እርሳስ ሰጡኝና «ካርድ ጠፋ ማለት በሽተኛው ጠፋ ማለት ነው» አሉኝ። ስምንተኛን ጨርሼ ነበር፤ ዕድሜዬ አሥራ ስድስት። አሁን አሥራ ዘጠኝ ሆኖኛል። የሥራ ትዝታ ለመጻፍ ገና ልጅ ነሽ የሚለኝ አይጠፋም። ይበል። ሦስት ዓመት ካርድ ስጽፍ ከርሜ እጄ ተፍታቷል፣ እጽፋለሁ።

ያን ዕለት ነው ከጓሮ ፋሻ የምታጥበውን እትዬ ጫልቱን ያወቅኋት። ያገለገለውን ፋሻ ታጥባለች፣ ትቀቅላለች፣ አድርቃ ትጠቀልላለች። ድሬሰሮቹ ቁስል ሲያክሙ በመስኮት ታያለች። ሠላሳ አልፏታል። በልጅነቷ ከሦስተኛ ክፍል አስወጥተው ሁሩታ ድረዋት ነበር።

«እኔም እኮ ድሬሰር እሆናለሁ» አለችኝ አንድ ቀን። ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። የስድስተኛ ክፍል ወረቀት እንደሚያስፈልግ ጠይቃ አውቃለች።

መስከረም ላይ አራተኛ ክፍል ገባች። ጠዋት ትማራለች፣ ከሰዓት ፋሻ ታጥባለች። ልጇ ዘሃራ አምስተኛ ክፍል ነበረች።

«እማዬ፣ የበላይሽ ነኝ፤ ደብተሬን ያዢልኝ» ትላታለች መንገድ ላይ።

«እራት ስትጠይቂኝ እንተያያለን» ትላለች እናት።

መምህሩ በዕድሜ ስለሚያንሳት ስም ሲጠራ በባዶው «ጫልቱ» ማለት ያፍርና «እትዬ» ብሎ ያልፍ ነበር።

ስድስተኛን እንዳለፈች፣ ለድሬሰርነት ሥልጠና ሰው የሚመርጥ ዶክተር ከአዲስ አበባ መጣ። ፈተናው አጭር ነው፤ ካርድ አንብቦ በሽተኛ መጥራት፣ ትኩሳት ለክቶ መጻፍ። በሚመጣው ዓመት የሥልጠናውን የዕድሜ ገደብ ስለምታልፍ ለእትዬ ጫልቱ ይህ የመጨረሻ ዕድሏ ነበር።

«ከተራ ጠባቂዎቹ ሦስት ካርድ አውጪላት» አሉኝ ድሬሰር ታደሰ። ልረዳት ብዬ ጽሑፋቸው የጠራውን መረጥሁ።

ሁለቱን ያለ ስሕተት ጨረሰች። ሦስተኛውን አየችና አንገቷን ደፋች።

«ጥሪ እንጂ» አለ ዶክተሩ። ዝም። «ማንበብ ሳትችዪ ስድስተኛን እንዴት አለፍሽ?» ብሎ እርሳሱን አነሣ።

ከተራ ጠባቂዎቹ ቤተሰቧን የሚያውቁ አንዲት አሮጊት «ቆይ እስቲ፣ ልጄ» አሉት። «ተረኛው እኚህ አጠገቤ ያሉት ገመዳ ናቸው። የባሏም አባት ስማቸው ገመዳ ነው። እኛ ዘንድ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም፤ ነውር ነው።»

ጆሮዬ ጋለ። ቤተሰቦቼ ከሸዋ የመጡ ቢሆኑም እኔ አሰላ ነው ያደግሁት፤ ልማዱን አውቃለሁ። ካርዱን ስመርጥ ግን ጽሑፉን እንጂ ስሙን አላየሁም።

«ታዲያ በሽተኛው ስሙን ካልሰማ በምን ያውቃል?» አለ ዶክተሩ። «ነገም ሌላ ገመዳ ይመጣል።»

እትዬ ጫልቱ ካርዱን ቀና አድርጋ ወደ ተራ ጠባቂዎቹ ዞረች። «ከኦጎልቾ የመጡት አባት፣ ስልሳ ዓመት፣ ቀኝ እግራቸውን የቆሰሉት፣ እርስዎ ይግቡ» አለች። በኦሮምኛም ደገመችው። ሽማግሌው ዱላቸውን ይዘው ተነሡ።

«ከኦጎልቾ እግሩ የቆሰለ ሌላ ሽማግሌ ቢኖርስ?» አለ ዶክተሩ።

«የአባታቸውን ስም እጠይቃለሁ። በስም ብጠራም እኮ ሁለት ሰው ሊነሣ ይችላል።»

ዶክተሩ ወረቀት ገፋላትና «ስሙን ጻፊው» አላት። መጻፍ አልተከለከለም፤ ከነአባታቸው ስም ጻፈችው።

«ከኔ ጽሕፈት ይሻላል» አሉ ድሬሰር ታደሰ። ዶክተሩ ያኔ ፈገግ አለና ቴርሞሜትሩን ሰጣት።

ለሥልጠናው እንደተቀበሏት የሚገልጸው ደብዳቤ ሲደርስ «እትዬ፣ ያን ካርድ የመረጥሁት እኔ ነበርሁ» አልኋት።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ጽሑፉ ያምር ነበር።»

አሁን ለፈተና ካርድ ከማውጣቴ በፊት ተፈታኟን የማትጠራው ስም እንዳለ እጠይቃታለሁ። ሰው ዝም ሲል ምክንያቱን መጠየቅም ከካርድ ሥራ አንዱ ነው።