በዚያው ጋን የተጠመቀ ቢራ

ሰዎች ገራም ነህ ይሉኛል። ልጆቼም የልጅ ልጆቼም የሚያውቁኝ እንዲሁ ነው። እውነትም በሰው ላይ እጄን አንስቼ አላውቅም፤ በግ ሲታረድ እንኳ ዞር እላለሁ። ግን አንድ ጊዜ፣ ከመስቀል እስከ መስቀል፣ ዓመት ሙሉ ቂም ይዤ ኖሬአለሁ። ቂሙን እንደ ጥንስስ ከድኜ አስቀምጬ፣ ደረሰ አልደረሰ እያልኩ እየከፈትኩ አሸተው ነበር። ትምህርቴ ከቄስ ትምህርት ቤት አላለፈም። ከፊደል ያገኘሁት ትንሽ ቢሆንም ጠላንና ጠላትን የምትለያቸው አንዲት «ት» መሆኗን አውቃለሁ። የምጽፈውም ስለዚያች «ት» ነው።

በጃንሆይ መጨረሻ ዓመታት ቡታጅራ ነበርን። ባለቤቴ ጠላ ትሸጥ ነበር። ቤታችን ከገበያው ወረድ ብሎ መንገድ ዳር ላይ ሆኖ፣ ደጃፉ ላይ ረጅም እንጨት ተተክሎ ጫፉ ላይ ጣሳ ተደፍቶበታል። ጣሳ የተደፋበት ቤት ጠላ አለ ማለት ነው። ማንበብ የማይችል ሁሉ የሚያነበው ጽሑፍ እሱ ነው። በገበያ ቀን ከቆሼ ከተማ በርበሬ ጭነው የሚመጡት፣ ቆጮ የሚያወርዱት፣ ከብት ሸጠው የሚመለሱት ጣሳውን አይተው ጎራ ይሉ ነበር።

ባለቤቴ በሥራዋ አትቀልድም። ጋኑን በግራዋ ቅጠል ደጋግማ አሽታ ታጥባለች፤ ከዚያ የወይራ እንጨት አጭሳ ጋኑን ትደፋበትና ጢሱ እስኪዋሐደው ታጥነዋለች። «ያልታጠነ ጋን ሬሳ ነው» ትል ነበር። ጠላዋ ሲቀዳ መጀመሪያ የሚመጣው የወይራው ሽታ ነው፤ ጌሾው ከኋላ ይከተላል።

ያች ቀን የመስቀል ማግስት ነበረች። በእኛ አገር በመስቀል የማንም ቤት ለማንም አይዘጋም። የወረዳው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ገባ። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ኮቱን ከትከሻው የማያወርድ ሰው ነው። የሁላችንም ወረቀት በእሱ እጅ ስለሚያልፍ ሽማግሌው ሳይቀር ተነሣለት። ባለቤቴ ጠላ ቀድታ በሁለት እጇ አቀረበችለት። ተቀበለ፣ አንዴ ቀመሰ፣ ከዚያ ብርጭቆውን ዘቅዝቆ ጠላውን መሬት ላይ አፈሰሰው።

«ምንድን ነው ይሄ? የፋቂ ውሃ ነው እንዴ?» አለ።

ፋቂ ቆዳ አልፊ ነው። ቆዳ የሚነከርበት ውሃ እንዴት እንደሚሸት የቀረበው ያውቃል። በዚያ ዘመን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለንና፣ ፋቂ ከሰው ጋር ለአንድ ማዕድ አይቀርብም ነበር። አሁን ሳስበው ፋቂው ምን በደለ እላለሁ። ያኔ ግን ለሴት ሙያ ከዚያ የከፋ ስም አልነበረም። ቤት ሙሉ ሰው ሳቀ። ባለቤቴ እንደቆመች ቀረች።

እኔስ ምን አልኩ? «ሌላ ልቅዳልዎት ጌታው?» አልኩ። ያልኩት ይህንን ነው።

ስሙ ተጣበቀ። «የፋቂ ውሃ ቤት» ተባልን። መጀመሪያ የጸሐፊው ጓደኞች ቀሩ፣ ቀጥሎ ጸሐፊውን የሚፈሩት ቀሩ፣ በመጨረሻ ምንም የማያውቀው ባለ በርበሬም ቀረ። ኅዳር ሳይወጣ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ እንጨቱ ብቻውን ቆሟል። ጣሳው ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ዶሮዎች ውሃ ይጠጡበታል።

«ለምን አወረድሽው?»

«ዝናብ ያዝገዋል ብዬ ነው።»

ኅዳር ላይ ምን ዝናብ አለ። ከመስቀል ጀምሮ የያዝኩትን ቂም የጠነሰስኩት ያን ዕለት ነው።

እኔ በዚያን ጊዜ ተቀጥሬ የምሠራው የውሃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር ከመጣ ፈረንጅ መሐንዲስ ቤት ነበር፤ ዘበኛም አጣቢም ነበርኩ። ፊቱ በፀሐይ የቀላ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ከአማርኛ ጥርት አድርጎ የሚያውቃት አንዲት ቃል «ገና» ነበረች። ውሃ ወጣ ወይ ሲሉት «ገና»፣ ምሳ ላቅርብ ስለው «ገና»፣ አገርህ መቼ ትሄዳለህ ሲሉትም «ገና»።

ዝናብ ሲበረታ መኪና በጭቃው ስለማያልፍ ቢራውን ቤቱ ይጠምቅ ነበር። ቢራ በቤት እንደሚሠራ ያየሁት ያኔ ነው። ከአገሩ የሚላክለት ጣሳ አለ፤ ጣሳው ላይ የወርቅ ቀለም ያለው የገብስ ዛላ ተሥሏል፤ በክዳኑ ሥር ትንሽ የእርሾ እሽግ አለች። ጣሳው ሲከፈት እንደ ማር የወፈረ ጥቁር ነገር ይወጣል። ያንን በፈላ ውሃ ይበጠብጥና ስኳር ይጨምራል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይሞላበታል፣ ለብ ሲል እርሾውን ይነሰንስና በትልቅ የላስቲክ ባልዲ ይከድነዋል። እኔ በየቀኑ ክዳኑን ገልጬ «ደረሰ?» እለዋለሁ። «ገና» ይለኛል። አረፋው ሲተኛ በቀጭን ቱቦ ወደ ጠርሙስ ያወርደዋል፣ በየጠርሙሱ ትንሽ ስኳር ጠብ ያደርግበታል፣ ቆርኪውን በመምቻ ይመታዋል። ከዚያ ደግሞ ሌላ «ገና» አለ፤ ሁለት ሦስት ሳምንት። ሲከፈት ያ ጥቁር ነገር አደይ አበባ መስሎ ይወጣል። አንድ ቀን ብርጭቆ ቀድቶ ሰጠኝ። ቀዝቃዛ፣ ምርር ያለ፣ ምላስ የሚቆነጥጥ ነገር ነው።

ሰኔ ላይ ሥራው አልቆ ሲሄድ የቀረችውን አንዲት ጣሳ፣ ቱቦውን፣ የቆርኪ መምቻውንና ቆርኪ የሞላበት ከረጢት ሰጠኝ። ባልዲው ተሰንጥቆ ስለነበር ተጣለ። ጣሳውን ታቅፌ ወደ ቤት ስመለስ ጸሐፊው ቡና ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ እንደ ልማዱ ቢራ ይጠጣል። ለጓደኞቹ ሲናገር ሰማሁት። «ጠላ የገበሬ ነው። ሰው የሚጠጣው ቢራ ነው፤ በማሽን የሚሠራ፣ የሰው እጅ የማይነካው።»

እግሬ ቆመ። ቂሜ ማደሪያ አገኘ።

ለባለቤቴ ነገርኳት። «ለጸሐፊው በዚያው ጋን ቢራ እንጥመቅለት» አልኳት።

«መርዝ ልታደርግበት ነው?»

«ኧረ በስመ አብ። ቢራ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ማጠጣት ምን በቀል አለው? ለወዳጅም ይጠጣል።»

«ይጠጣውና ያመስግነው። በሰው ፊት ያመስግነው። ከዚያ ከየት እንደተቀዳ እንነግረዋለን።»

ሳቀች፤ ከመስቀል ወዲህ ጥርሷን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ነሐሴ መግቢያ ላይ ጣሳውን ከፈትን። ጣቷን ነክራ ቀመሰች። «ይሄ እኮ ብቅል ነው። ፈረንጅም ብቅል ያበቅላል?» አለች። ደግማ ቀመሰች። «መራራም አለው። ግን ጌሾ አይደለም። ትንሽ ጌሾ ጣል ላድርግበት?»

«አይሆንም። ቢራ ነው እያልኩሽ።»

በዚህ እሺ አለችኝ። እኔም የፈላውን ውሃ ላመጣ ወጣሁ። ስመለስ ቤቱ በወይራ ጢስ ተሞልቷል። ጋኑ ፍሙ ላይ ተደፍቷል።

«ምን አደረግሽ አንቺ? ፈረንጁ እኮ ዕቃው ምንም እንዳይሸት ነው የሚፈልገው።»

«ይፈልጋ። እኔ ባልታጠነ ጋን የሚጠጣ ነገር አላኖርም። ለጠላቴም ቢሆን።»

«ያውቅብናል።»

«ይወቅ።»

ጣሳው አንድ ነው፣ ሌላ ጋን የለም፣ ውሃውም እየበረደ ነው። ከነጢሱ ገለበጥነው። ሁለት ቀን አላናገርኳትም።

ባዶ ጠርሙሶቹን ከዚያው ጸሐፊው ከሚጠጣበት ቡና ቤት አመጣሁ፤ የፋብሪካው ወረቀት እንደተለጠፈባቸው ነው። ስኳሩ ላይ ግን ተሳሳትኩ። ፈረንጁ ጠብ የሚያደርገው እየቆጠበ መስሎኝ እኔ በየጠርሙሱ ማንኪያውን ሞልቼ ጨመርኩ። በሁለተኛው ሳምንት ቀትር ላይ ሦስት ጠርሙስ ተከታትሎ ፈነዳ። በደጃችን የሚያልፉት የበርበሬ ነጋዴ ጎረቤታችን፣ ሐጂ፣ በበሩ አንገታቸውን አስገቡ።

«ወላሂ፣ ጠመንጃ ነው የደበቃችሁት?»

«የመስቀል ቢራ ነው ሐጂ።»

«እንዲያ ነው። ለዚህ እኮ ነው የተከለከለው። ጠርሙስ ውስጥ እንዲህ የሚያደርግ ሆድ ሲገባ ምን ሊሆን ነው?»

የቀሩትን ቆርኪያቸውን ቀስ አድርጌ አላቅቄ አስተነፈስኳቸውና እንደገና መታሁ።

በእኛ አገር መስቀል ከመግባቱ በፊት የተጣላ ይታረቃል፤ ቂም ይዞ የደመራ ጭስ አይሞቅም። ሐጂና ሁለት ሽማግሌዎች እኔንና ጸሐፊውን አስቀመጡን። «እኔ እኮ ቀልድ ነው ያልኩት» አለ ጸሐፊው፣ ኮቱን እያስተካከለ። ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «ይቅር ብለሃል?»

«ይቅር ብያለሁ።»

«ከልብህ ነው?»

«ከልቤ ነው። የመስቀል ማግስትም ቤቴ ይምጡልኝ» አልኩ። ሽማግሌዎቹ መረቁኝ። ምርቃቱን አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኩ፤ ሆዴ ውስጥ ግን ቢራው ይፈላል።

መጣ። ጓደኞቹም መጡ፣ ሰፈሩም ሞላ፤ ሐጂም የማር ብርዛቸውን ይዘው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ጸሐፊው እንደተቀመጠ ፈገግ ብሎ «ጠላ ነው?» አለ።

«ለእርስዎ ቢራ አለ ጌታው።»

በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ያቀዘቀዝኩትን ጠርሙስ አወጣሁ። ቆርኪው ሲነሣ ጮኸ። ስቀዳው አረፋው ነጭ ሆኖ ቆመ፣ ሥሩ ወርቅ ሆነ። ብርጭቆውን ወደ በሩ ብርሃን አንሥቶ ለጓደኞቹ አሳየ።

«አያችሁ? ሥልጣኔ ማለት ይሄ ነው» አለና ጠጣ። አፉን ጠረገ። «ዛሬ ደግሞ ያለ ወትሮው ጥሩ ነው።»

ሁለተኛ ቀዳሁለት። ስለ ንጽሕና አወራልን፤ ጋን ስንት ተባይ እንደሚይዝ፣ ማሽን እንዴት እንደሚያጥብ። ሦስተኛ ቀዳሁለት። አጋምሶ ቆመ። ብርጭቆውን ወደ አፍንጫው አስጠጋ።

«ግን... ወይራ ወይራ አይልም?»

አለቀልን፣ ያች ሴት በጢሷ ገደለችን አልኩ በልቤ። እሱ ግን አልተቆጣም። «የእናቴ ቤት እንዲህ ነበር የሚሸተው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ጋን ስታጥን።» ፊቱ የልጅ ፊት ሆነ። ዓመት ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ እውነቱን ልናገር፣ ያን ፊት ሳይ ልተወው አሰብኩ።

ባለቤቴ አልተወችውም። ከጓዳ ወጣች።

«ጣፈጠዎት ጌታው?»

«እጅግ።»

«በመስቀሉ ይበሉኝ።»

«በመስቀሉ። እንዲህ ያለ ቢራ ከተወለድኩ ጠጥቼ አላውቅም።»

ተመልሳ ገባች። ባዶውን ጋን በሁለት እጇ አቅፋ አመጣችና ከእግሩ ሥር አስቀመጠችው።

«የጠመቅኩት በዚህ ነው» አለች። «አምና የፋቂ ውሃ ያሉትም የተቀዳው ከዚሁ ነው። ወይራውም የእኔ ነው።»

አንዱ ጓደኛው ጎንበስ ብሎ ጋኑን አሸተተ። መጀመሪያ የሳቁት ሐጂ ናቸው፤ ብርዛቸው በጺማቸው ላይ እስኪፈስ። ከዚያ ቤቱ ሁሉ። ጸሐፊው ብርጭቆውን ዘንበል አደረገ፣ እንደ አምናው ሊያፈሰው። በመስቀሉ ምሎበታል፤ እጁ አየር ላይ ቀረ።

ያን ጊዜ አፌ ተፈታ። ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፍቶብኝ የመጣልኝ ሌላ ነው።

«ይጨልጡት እንጂ ጌታው» አልኩት። «መሬታችን አምና ጠጥቷል።»

ጨለጠው። ዓይኑ ብርጭቆው ውስጥ እንደሆነ እስከ መጨረሻው ጨለጠው፤ አስቀመጠው፤ ሳይመርቅ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «ጨልጥ» ሆነ። ቡና ቤቱ በረንዳ ላይ ሲቀመጥ ከመንገድ ማዶ አንዱ «ጨልጥ» ይላል፣ ሌላው ይስቃል። ዓመት ሳይሞላው ተዛውሮ ወልቂጤ ገባ አሉ። ስሙ ግን ቀድሞት ደርሶ ጠበቀው፤ የበርበሬ ነጋዴ አፍ ከአውቶቡስ ይፈጥናል።

ባለቤቴ በማግስቱ የፈረንጁን ጣሳ አጥባ፣ የገብሱ ዛላ ወደ መንገዱ እንዲያይ አድርጋ እንጨቱ ላይ ደፋችው። አሮጌውን ለዶሮዎቹ ተወችላቸው። በገበያው ቀን ሰዉ እየገባ «ከጨልጥ ቢራ ቅጂልን» ይላል። «አልቋል፣ ጠላ አለ» ትላለች። ተቀምጠው ጠላዋን ይጠጡ ነበር። አንድም ሰው መሬት ላይ አላፈሰሰም።

ነገሩን ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ። ማጠጣትህስ ይሁን፣ በሽማግሌ ፊት ከልቤ ነው ብለህ መዋሸትህ ኃጢአት ነው አሉኝ። ስግደት ሰጡኝ፣ ሰገድኩ። በዓመቱ መስቀል ሲደርስ ጠሩኝና «አሁንስ ተጸጸትክ?» አሉኝ።

«ገና ነው አባቴ» አልኳቸው።

እሳቸውም አርፈዋል፣ ባለቤቴም አርፋለች። የአሁኑ የንስሐ አባቴ የልጄ እኩያ ናቸው፤ እሳቸውም በየመስቀሉ ይጠይቁኛል። ያ ፊት፣ የእናቱን ቤት ያሸተተው ፊት፣ አንዳንዴ ይመጣብኛል። ከዚያ ኅዳር ላይ ዝናብ የፈራችው ሴት ትመጣብኛለች። አሁንም የምመልሰው ያችኑ የፈረንጁን ቃል ነው።