ላብ የሌለው ልብ

እኛ ሰፈር፣ ዲላ ውስጥ፣ ሰው ሰው መሆኑ የሚረጋገጠው በላብ ነው። የእድሩ ወንዶች መቃብር ሲቆፍሩ ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ካልተለጠፈ ሟቹ የተቀበረ አይመስላቸውም። ልብስ ሰፊው ተክለብርሃን ግን አካፋ በያዘ በአፍታ ፊቱ ይቀላል፤ ግንባሩ እንደደረቀ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ፊሊጶስ፣ ራሳቸው አካፋ ነክተው የማያውቁ ሰው፣ ፍርዳቸውን ከሰጡ ቆይተዋል፦ «ላብም ልብም የሌለው!»

ሰፈሩ ሳቀ። ጋሽ ፊሊጶስ ንግግራቸውን ሁሉ «ሰፊው ሕዝብ» ብለው ነው የሚጀምሩት፤ ልብስ ሰፊውን ግን አይጨምርም።

የተክለብርሃን እግር ከልጅነቱ ጀምሮ ሙቀት በመጣ ቁጥር በርበሬ እንደተነሰነሰበት ይቃጠላል። ከስፌት መኪናው ሥር ውሃ የሞላ ሳፋ አስቀምጦ፣ ፔዳል መርገጡ ሲያቅተው እግሩን ይነክርበታል። ለዚህም እግሩን እንደሚያሳጥቡት ሙሽራ ነው ተብሎ «ሙሽራው» ተባለ። ሐኪሞቹም አንዱ ሪህ፣ ሌላው ታይፎይድ አሉት። እኛ ዘንድ ታይፎይድ ያልተባለ በሽታ አለ?

አርባ ዓመት ሲሞላው ዳገት መውጣት አቃተው። ባለቤቱ የትምወርቅ ጎትታ ዶክተር ሶፍያ ዘንድ ወሰደችው። ሶፍያ ለሥራ ዲላ የመጣች ወጣት ሐኪም ናት። ልቡን በአልትራሳውንድ አይታ ግራ ገባት፤ ግድግዳው ወፍሯል፣ ደም ግፊት ግን የለበትም።

«ልባቸውን ከዚህ በፊት አሟቸው ያውቃል?»

«ልብ አለው ብለሽ ነው፣ ልጄ?» አለች የትምወርቅ ተናዳ። «ጋሽ ፊሊጶስ እንዳሉት ላብም የለው!»

ሶፍያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እንዴ! የምርዎን ነው? አያልባቸውም?»

«ዲላ በሙሉ የሚያውቀውን!»

ዲላማ ያውቅ ነበር። ያወቀውን ለቀልድ ብቻ አዋለው እንጂ።

የደም ምርመራው በሽታውን አወጣው። በዘር የሚመጣ ነው። ሰውነት አንድ ዓይነት ስብ መሰባበር ያቅተውና በነርቭ፣ በኩላሊት፣ በልብ ጡንቻ ውስጥ ያከማቸዋል። ላብ የሚነሳውም፣ እግር የሚያቃጥለውም እሱ ነው። «አሁን አንድ ነገር ማወቅ አለብን» አለች ሶፍያ። «ልብዎ ውስጥ ጠባሳ ጥሎ እንደሆነ። ከጣለ ጠባሳው አይለቅም። ካልጣለ፣ መድኃኒት ከተገኘ ልብዎን ሊያቆይልዎ ይችላል።» ይህን የሚያሳየው ኤምአርአይ የሚባለው ማሽን ነው፤ ለዚያ አዲስ አበባ መሄድ ነበረበት።

ማሽኑ ማግኔት ስለሆነ ብረት አይወድም። ባለሙያው የተክለብርሃንን ኮት ገለበጠው፤ ኮሌታው ሥር የስፌት መርፌ ተደርድሯል። «አባቴ፣ ሊገቡ ነው ወይስ ሊሰፉት?» ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሳቁ፤ ተክለብርሃንም ሳቀ። ከዚያ ቱቦው ውስጥ ተኝቶ፣ ትንፋሽ ያዝ ሲሉት እየያዘ፣ ልቡ ስታንኳኳ ሰማ። የለም የተባለችው ልብ!

ዲላ ሲመለስ ውጤቱን ሶፍያ አነበበችለት። ስቡ ልቡ ውስጥ ገብቷል። ጠባሳ ግን የለም።

«ሳይረፍድ ደረስንበት» አለችው።

መድኃኒቱ እስኪገኝ ወደ ስፌት መኪናው ተመለሰ። ወዲያው ለቅሶ ነበር። ጋሽ ፊሊጶስ ሰው በተሰበሰበበት «እህ፣ ልብ ተገኘልህ?» አሉት።

«ተገኘልኝ፣ ጋሼ። ፎቶም ተነስታለች። የጎደለኝ ላቡ ብቻ ነው።»

የሳቀ የለም። ጋሽ ፊሊጶስ ወደ መሬት አዩ፣ ቀጥሎ ወደ ላይ፣ ወደ እድሩ ድንኳን። ሲቀደድ ሲቀደድ ወንፊት ሆኗል። ስለ ድንኳኑ ስንት ስብሰባ ተሰብስበን ልብስ ሰፊ እንዳለን ትዝ ያላለን እኛ ነን።

«አካፋውን ተወው» አሉ ቀስ ብለው። «ይልቅ ይህን ድንኳን ስፋልን።»

ተክለብርሃን ኮሌታውን ገልብጦ መርፌ መዘዘ።