ጣሪያው ቆርቆሮ የለበሰ ዓመት

አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ሥራ ምስር መልቀም ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው። በረንዳው ላይ ሰፌዱን በመካከላችን አድርገን ተቀምጠናል። ባለቤቴ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አውርዶ እያንዳንዱን ፍሬ ወደ ብርሃን ያነሳል። ጠጠሩን ሰፌዱ ላይ ይመልስና ምስሩን ይጥላል።

«አንተ ሰውዬ፣ ምስሩን እኮ ጨረስከው» አልኩት።

«እኔ የምለቅመው በድምፅ ብልጫ ነው። ጠጠሮቹ በዝተው ነው ያሸነፉ» አለኝ።

ሳቅሁ። ሰፌዱን ከእጁ ነጥቄ ለብቻዬ ለቀምሁ፤ እሱ ደግሞ ሬዲዮኑን ከፈተና ጦርነቱ የት እንደደረሰ ሰማ። ወዲያው ዘጋው። በማግሥቱ ከወልድያ በኩል የሚመጣው መንገድ ፍራሽ በተሸከሙ ሰዎች ሞላ። ከዚያ በኋላ በቤታችን ተራ የሚባል ሥራ አልነበረም።

ባለቤቴ ሐይቅ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ዜጋ ያስተምር ነበር። ያስተማረው ለረጅም ዘመን ነው፤ የሚያስተምረውን ራሱ ያመነው ግን ለውጡ የመጣ ሰሞን ይመስለኛል። ምርጫ ሊደረግ ነው ሲባል የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆችን ተመዝገቡ ማለት ጀመረ። ልጆቹ ፈሩ። «ከተመዘገብን ስማችንን ይዘው ወደ ጦር ሜዳ ይወስዱናል» የሚል ወሬ ነበር። ሌሎቹ ደግሞ «ጋሼ፣ ማን እንደሚያሸንፍ እኮ ይታወቃል» ይሉት ነበር።

«የሚታወቅ ከሆነ ንገሩኝና እኔም ልረፍ» ይላቸው ነበር።

መጀመሪያ በክፍል ውስጥ አስመረጣቸው። የወተት ዱቄት ጣሳ ክዳኑን ቀዶ ኮሮጆ አደረገው፤ የክፍል አለቃ በድምፅ ይመረጥ አለ። «ከተመረጥሁ ቸርኬውን ሰዓቱ ሳይደርስ እደውልላችኋለሁ» ያለው ልጅ ሁሉንም በልጦ አሸነፈ። ቸርኬው ደወል ሆኖ ግቢው ውስጥ የተሰቀለ የመኪና ጎማ ብረት ነው። ልጁ ቃሉን ጠብቆ በሁለተኛው ቀን ቀድሞ ደወለ፤ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ወጣ። ርእሰ መምህሩ ባለቤቴን ጠርቶ ተቆጣው። እሱ ግን ቤት መጥቶ፣ «ቃሉን የጠበቀ ተመራጭ አየሁ፤ ከእንግዲህ ብሞትም አይቆጨኝ» አለኝ። ይህን ሲል ሁለታችንም ስቀናል።

ከልጆቹ መካከል አንዲት ከአምባሰል የመጣች የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ከጓደኞቿ ጋር ከእኛ ቤት ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይታ፣ በየሳምንቱ ስንቅ ከቤቷ እያመላለሰች ትማራለች። መመዝገብ ትፈልጋለች፤ የትምህርት ቤት ወረቀቷ ግን አሥራ ሰባት ዓመት ይላል። ወረቀቱ እንደማያስተማምን ሁላችንም እናውቃለን። በገጠር ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ ዕድሜው አይጠየቅም፤ ቀኝ እጁን በራሱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን ይንካ ይባላል። ከነካ ሰባት ዓመት ተብሎ ይጻፋል፤ ካልነካ ለከርሞ ይመለሳል። እሷ ትንሽዬ ስለነበረች ዓመት አልፎባት ነው ጆሮዋን የነካች።

ችግሩ ባለቤቴ ራሱ ከሁለት ዓመት በፊት በዚህ ወረቀት መጠቀሙ ነው። አባቷ ሊድሯት ሲሉ ወረቀቱን ይዞ ሄዶ ገና ልጅ ናት ብሎ አስቀርቷል። አሁን ደግሞ ያው ሰው ሄዶ ወረቀቱ ተሳስቷል ሊል ነው።

አንድ እሑድ ከልጅቱ ጋር ሦስታችን ወደ ወላጆቿ ሄድን። ስኳር በሽታ ስላለበት ብቻውን አላስኬደውም ነበር፤ ድንገት ሲወርድበት የምሰጠው ከረሜላ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ እይዛለሁ። እስከ ውጫሌ በሚኒባስ፣ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ወደ ግሸን የሚወስደውን አቅጣጫ ትተን ቁልቁል ወርደን የማዶውን ዳገት ተያያዝነው። ልጅቱ ትቀድመንና ቆማ ትጠብቀናለች። እሱ እያረፈ፣ ላብ እየጠረገ፣ «ይቺን ዳገት የሚወጣ ሰው ድምፁ በሁለት መቆጠር ነበረበት» ይላል።

አባቷ ደጃቸው ላይ ተቀበሉን። ጠላ ቀረበ። ባለቤቴ ጉዳዩን ሲናገር ዝም ብለው ሰሙትና ዋንጫቸውን አስቀመጡ።

«መምህር፣ ከሁለት ዓመት በፊት ወረቀት ይዘህ መጥተህ ልጅ ናት አልከኝ። ዛሬ ደግሞ ወረቀቱ ዋሽቷል ትለኛለህ። ልጄ በአንተ ወረቀት ላይ ስትፈልግ ታድጋለች፣ ስትፈልግ ታንሳለች። በእኔ ቤት ግን እንደ ሰው ልጅ በዓመት አንድ ጊዜ ነው የምታድገው።»

«ያን ጊዜ እውነትም አልደረሰችም ነበር። አሁን ግን ደርሳለች» አለ ባለቤቴ።

«ለምኑ?»

«ለካርድ።»

«ለካርድ ከደረሰችማ ለባልም ደርሳለች። ጠያቂው እንደሆነ አልሞተ፤ እዚያ ማዶ ነው ቤቱ።»

ባለቤቴ ዋንጫውን ሊያነሳ ነበር። እጁ ዋንጫው ላይ ቀረ። ዕድሜዋን ካስመሰከረ የጠበቃት አጥር ይፈርሳል፤ ካላስመሰከረ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ ድምፅ አለሽ ሲላት የነበረው ባዶ ይሆናል። ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። እኔም ልጅቱን አየሁ።

የመለሰችው ልጅቱ ናት። ምሰሶውን ተደግፋ ቆማ ነበር።

«አባዬ፣ ከደረስሁ እኔን ይጠይቁኛ። ልጅ ሳለሁ መምህር መለሱልኝ። አሁን ራሴ እመልሳለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«እምቢ ብዬ።»

እናቷ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። አባትየው ወደ ባለቤቴ ዞሩ። «ይኸውልህ መምህር! አስተምረህ አስተምረህ እምቢ ማለት አስተማርካት።»

«መጽሐፉ ላይ አለ» አለ ባለቤቴ፤ ድምፁ ተመልሶለት ነበር።

ዕድሜዋን የቆጠሩት እናቷ ናቸው። «ክርስትና ያስነሳኋት የቤተ ክርስቲያኑ ሣር ወርዶ ጣሪያው ቆርቆሮ የለበሰ ዓመት ነው። ካህናቱ ከሥር ይቀድሳሉ፣ ሰዎቹ ከላይ ምስማር ይመታሉ። መዶሻው ባረፈ ቁጥር እቅፌ ውስጥ ትደነግጥብኝ ነበር» አሉ። ተነስተን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድን። ከበሩ በላይ አንድ ሠዓሊ ጣሪያው የታደሰበትን ዓመተ ምሕረት በግእዝ ቁጥር ጽፎታል። ባለቤቴ ጫማውን አውልቆ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከዘንድሮው ዓመት ቀነሰ። የክርስትናዋን ወር እናቷ ያስታውሳሉ፤ ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነውና የልደቷም ወር ታወቀ። አሥራ ስምንት ሞልቷት አልፏል።

የምርጫ መዝጋቢዋ ወጣት ሴት ናት፤ እዚያው ቀበሌ በተተከለ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ የምስክሮችን ቃል ትሰማለች። የቤተሰቡ የነፍስ አባት መሰከሩ፤ አንድ የጎረቤት ሽማግሌ መሰከሩ። ሦስት ምስክር ያስፈልጋልና አንድ ሰው ጎደለ። መዝጋቢዋ አባትየውን እያየች፣ «አባቷ እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አለቻቸው። አባትየው በትራቸውን ካንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። እኔ ከረሜላውን የቋጠርሁበትን የነጠላ ጫፍ ጨብጬ ቆሜያለሁ።

«ሞልቷታል። እኔ ብክድ ጣሪያው ይመሰክርብኛል» አሉ።

ስንመለስ ባለቤቴ ደክሞት ነበር፤ ውጫሌ እስክንደርስ ግን አፉ አላረፈም። በምርጫው ቀን ጣቱን ቀለም ነክሮ መጣና ሲታጠብ ያን ጣት ከውሃው ሲያሸሽ አየሁት። ልጅቱ ከአምባሰል ደውላ፣ «ጋሼ፣ ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ግን መረጥሁ» አለችው። ስልኩን ለእኔ ሰጥቶኝ ወደ ጓሮ ወጣ።

ክረምቱ ከወጣ በኋላ ምስር የለቀምንበት ቀን መጣ። ከተማችን ተያዘች። ሰው ሁሉ ወደ ደሴ፣ ከዚያም አልፎ ሸሸ፤ እኛ የእሱን እግር ይዘን የትም መድረስ አልቻልንም። መብራት ጠፋ፤ ስልክ ጠፋ፤ መድኃኒት ቤቶች ተዘጉ። የስኳር መርፌው ሙቀት አይወድም። ከሐይቁ ዳር እርጥብ አሸዋ አምጥቼ ገንቦ ሞላሁና ጠርሙሱን እዚያ ውስጥ ቀበርሁት። አሸዋው ቀዝቃዛ ነበር፤ መድኃኒቱ አልተበላሸም። ያለቀው ከማነሱ ነው። መጠኑን እየቀነሰ ወሰደ፤ ከዚያ ግማሹን፤ ከዚያ አሸዋው ብቻ ቀረ። ሙስሊሟ ጎረቤቴ በየቤቱ ዞራ የተረሳ ጠርሙስ ፈለገችልኝ። ባዶ እጇን ስትመለስ በር ላይ ቆማ፣ «አብሽሪ እህቴ፣ አላህ አለ» አለችኝና ፊቷን አዞረች።

ውሃ፣ ውሃ ይል ነበር። ሲነቃ ስለ ልጆቹ ይጠይቀኛል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ምን ይሆን ይላል። ቸርኬውን ቀድሞ የደወለው ልጅ ወደ ግንባር መሄዱን ሰምቶ ነበር። እንዳልተመለሰ ግን አልሰማም፤ እኔም የሰማሁት በኋላ ነው።

ባለቤቴን የቀበሩት ጥቂት ሽማግሌዎች ናቸው። ድንኳን አልተጣለም፤ ጡሩምባ አልተነፋም። እንደ ልቤ እንኳ አልጮህሁም።

ለቅሶው የተቀመጠው ከተማዋ ከተለቀቀች በኋላ ነው። ሰው ከየሸሸበት እየተመለሰ መጣ። ልጅቱና አባቷም ከአምባሰል መጡ። እግሬ ሥር ተቀምጣ ካለቀሰች በኋላ ቀና ብላ አየችኝ።

«ጋሼ ተመዝገቡ አሉን፤ ተመዘገብን። ምረጡ አሉን፤ መረጥን። ይኸው ጦርነት መጣ። ምን አተረፍን?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ራሴን እሱ በተኛበት አልጋ አጠገብ ሆኜ የጠየቅሁት ጥያቄ ነው። እሱን ግን አልጠየቅሁትም። ያን ሁሉ ዳገት የወጣው ለዚህ ነው እንዴ ልለው አፌ እምቢ አለኝ። ለልጅቱም መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም።

የመለሱላት አባቷ ናቸው።

«አንቺማ አትርፈሻል። የከሰርሁ እኔ ነኝ፤ አማች አጣሁ!»

ሰው ፈርቶ ፈርቶ ሳቀ። ልጅቱም በእንባዋ ውስጥ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ሳቄን ሳልጨርስ ድምፄ ተለወጠና ያን ሁሉ ጊዜ ያልጮህሁትን ጮህሁ። ሴቶቹ ያዙኝ።

ሲሰናበቱኝ አባትየው ጎንበስ ብለው፣ «ታናሿም ጆሮዋን ነክታ ነው የገባች። መምህር የለ፤ የሷን ዓመት ማን ይቆጥርልን ይሆን?» አሉኝ። መልስ አልጠበቁም፤ በትራቸውን ይዘው ወጡ።

ታናሽየዋ አሁን ከእኛ ቤት ጀርባ፣ እህቷ በነበረችበት ክፍል ተከራይታ ትማራለች። እህቷ መምህርነት እየተማረች ነው፤ አላገባችም። አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች፤ ያን ጥያቄ ደግማ አልጠየቀችኝም።

ትምህርት ቤቱ ቸርኬውን መልሶ ሰቅሎታል። ሲደወል ከቤቴ ይሰማል። አንዳንድ ቀን ሰዓቱ ያልደረሰ ይመስለኝና ከተቀመጥሁበት እነሳለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ዕድሜያቸውን ከማያውቁት ልጆች ጋር ወደየመንደራቸው እወጣለሁ። እናቶቻቸውን ክርስትና ያስነሱበትን ዓመት እጠይቃለሁ፤ ሙስሊም ከሆኑም የትኛው ረመዳን ላይ እንደወለዱ እጠይቃለሁ። ቆጥሬ ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ። ምዝገባ ሲከፈት እዚሁ ከተማችን የሚመዘገቡት ልጆች ምስክር ካጡ እኔ እቆምላቸዋለሁ።