አሮጌው ድንጋይና አዲሱ አለቃ

እትዬ ጥርብ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤቱን የተቀላቀሉት ወለል ሊወለውሉ ነበር። በሥራው ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ግን የድንጋይ መጋዘኑ ቁልፍ ወገባቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ስሙን ያወጡላቸው ሹፌሮቹ ናቸው፤ ሲናገሩ ጠርዛቸው ይቆርጣል ብለው። በመጋዘኑ አርባ ሁለት ሳጥኖች ውስጥ፣ መሰርሰሪያ ከምድር ሆድ ያወጣው እንደ ዱላ የረዘመ ክብ ድንጋይ ተደርድሯል። የእያንዳንዱን ዕድሜ በቃላቸው ያውቃሉ።

"የስምንት መቶ ሚሊዮን ዓመት ድንጋይ ልደት አትስቺም፤ የእኔን ግን ሦስት ዓመት አከታትለሽ ረሳሽ" ይሏቸዋል ባላቸው።

"አንተ ገና ለጋ ነህ፤ ተራህ ይደርሳል።"

አዲሱ አለቃ በመጣ በሁለተኛው ሳምንት ደብዳቤ ደረሳቸው። ሳጥኖቹ እስከ ዓርብ ይጣሉ፤ መጋዘኑ ለመኪና ማቆሚያ ይፈለጋል። በማግስቱ አለቃው ሜትር ይዞ ሊለካ ወረደ፤ የሜትሩን ጫፍ አብሮት የወረደው ሹፌሩ ያዘለት።

"እትዬ፣ እኛ የምናጠናው ስምጥ ሸለቆውን ነው። እሱ ደግሞ ትናንት የተሰነጠቀ ነው። ይህ ጥንታዊ ኮተት ምን ይሠራልናል?"

"የት በኩል እንደሚሰነጠቅ ማን ነገረው?"

"መሬት ሲለጠጥ ይቀደዳል፤ በቃ። ሲጎትቱት የሚቀደድ ጨርቅ አይተው አያውቁም?"

"አይቻለሁ። ጨርቅ ግን መጀመሪያ የሚተረተረው በስፌቱ ነው።"

ሹፌሩ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

እትዬ ጥርብ መዶሻና አንድ ዘንግ ድንጋይ አመጡ። በድንጋዩ ውስጥ ነጭና ጥቁር መስመሮች በሰያፍ ተጋድመዋል። ሁለት አሮጌ አህጉሮች ተላትመው ሲጣበቁ የቀረ ጠባሳ ነው።

"እስቲ ቀጥ አድርገው ይስበሩልኝ።"

አለቃው መታው። ድንጋዩ በሰያፉ ተከፈለ። ከሁለተኛው ሳጥን አስመጣ፤ እሱም በሰያፉ። በአምስተኛው ሳጥን ኮቱን፣ በስምንተኛው ከረባቱን አወለቀ።

"ጌታዬ፣ በቀኝዎ ቢሞክሩትስ?" አለ ሹፌሩ።

"ቀኜ ነው።"

የአሥራ አንደኛው ሳጥን ድንጋይ ጭራሽ አልተሰበረም። መዶሻው ነጥሮ ግንባሩን ሊመታው ሲል ለጥቂት ሳተው።

"ይኼስ ምን ሆኖ ነው?"

"ይኼ ስፌት የለውም። ከሁሉም ያረጀ፣ ከሁሉም የጠነከረ ነው። ሸለቆው እሱ ጋ ሲደርስ ምን ያደርጋል?"

አለቃው ቢሮው ውስጥ ከወንበሩ ጀርባ የተሰቀለውን ካርታ አስታወሰ። ሸለቆው እዚያ ቦታ ሲደርስ ለሁለት ተከፍሎ በግራና በቀኝ ያልፋል። እሱ ግን ካርታውን የሣለው ሰው እጁ የተንቀጠቀጠ ይመስለው ነበር።

"ዞሮት ይሄዳል" አለ፣ በግድ።

"እኔም የአማቴን ቤት እንደዚያ ነው የማልፈው" አለ ሹፌሩ።

እትዬ ጥርብ ደብዳቤውን ከነብዕሩ አቀረቡለት። አለቃው ላቡን ጠርጎ "ተሰርዟል" ብሎ ጻፈበትና ፈረመ።

"መኪኖቹስ ታዲያ?" ሹፌሩ አሁን አልሳቀም።

"ፀሐይ ላይ ይቁሙ" አለና አለቃው ኮቱን አነሣ።

"ወዴት ነው ልጄ?" አሉት እትዬ ጥርብ። "ስባሪው በየሳጥኑ ቁጥር ይመለሳል። የሰበረ ራሱ ይመልሳል።"

አለቃው እስከ ሥራ መውጫ ሰዓት ድረስ መሬት ላይ ተንበርክኮ ስባሪ ሲያዛምድ ዋለ። የአራተኛውን ሳጥን ከሰባተኛው ጋር በመቀላቀሉም እትዬ ጥርብ ሁለት ጊዜ ተቆጡት።