የባዝራዋ ዝምታ

በፈረስ ክሊኒኩ ውስጥ «እትዬ ፋንድያ» ሲሏት መጀመሪያ ላይ ትቆጣ ነበር፤ እየቆየ ግን ለመደችውና ተወችው። ነርስ ናት። እናቷ ለጎረቤት «ልጄ ቀዶ ጥገና ክፍል ነው የምትሠራው» ይላሉ፤ ታካሚው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ስለሌለ እሳቸውም አልዋሹም። ሥራዋ አንጀታቸው ተጠማዞ ሆዳቸው የተከፈተ ፈረሶችን ማስታመም ነው። ማስታመም ማለት ደግሞ በአብዛኛው ፋንድያ መጠበቅ ነው፤ ፈረሱ ፋንድያ ከጣለ አንጀቱ ሥራ ጀምሯል፣ ካልጣለ የሁሉም ፊት ይጠቁራል።

አንድ ጠዋት የአንድ ነጋዴ ባዝራ ሆዷ በቀዶ ጥገና በተከፈተ ማግስት ጋጣዋ ውስጥ ጸጥ ብላ ቆማለች። አትንከባለልም፣ መሬት አትጭርም፣ ዞራ ጎኗን አታይም። ሠላሳ ዓመት ቢላ የያዙት ሐኪም በበሩ በኩል አዩዋትና «እንዴት ያለች ጨዋ ናት» አሉ። የህመም ማስታገሻዋም እንዲቀነስ አዘዙ፤ ሲበዛ አንጀት ያሰንፋል፣ እውነታቸውን ነው።

ነርሷ ግን ገብታ ፊቷን አየች። ጆሮዎቿ ወደ ኋላ ተለጥፈዋል፣ ከዓይኗ በላይ ያለው ሥጋ ተወጥሯል፣ አገጯ ድንጋይ ሆኗል። አፍንጫዋን ከግድግዳ አገናኝታ ቆማለች። የልብ ምቷ ሲቆጠር ስልሳ ስምንት ሆነ፤ ጤነኛ ፈረስ እረፍት ላይ ሆኖ አርባን እምብዛም አያልፍም።

ቢሮ ገብታ ለሐኪሙ ነገረቻቸው። ዝም ያለ ፈረስ ሰላም ያለው ፈረስ ነው አሏት። ሕመም ራሱ አንጀት እንደሚያስር ያስተማሯት እሳቸው መሆናቸውን አስታወሰቻቸው። ደስ አላላቸውም፤ በገዛ ትምህርቱ መሸነፍን ማን ይወዳል?

«ታዲያ አንቺ እዘዢኛ!»

«እኔማ ምን አዝዛለሁ ዶክተር? መጥተው ፊቷን ይዩልኝ ብቻ።»

መጡ። ፊቷን አዩ። ከዚያ በአፍንጫዋ እስከ ጨጓራዋ ቱቦ አስገቡ፤ ሁለት ባልዲ አረንጓዴ ፈሳሽ ገነፈለ፤ የተረፈው ጫማቸው ላይ አረፈ። አንጀቷ ቆሞ ፈሳሹ ወደ ጨጓራዋ ሲመለስ ኖሯል። ፈረስ ደግሞ ማስመለስ አይችልም፤ ጨጓራው ይፈነዳል እንጂ። አንጀት የማያሰንፍ ማስታገሻ በደም ሥሯ ጠብ ጠብ እንዲል ታዘዘ። ሁለት ቀን ሙሉ እየተፈራረቁ ፈሳሹን ቀዱላት፤ በየመሃሉ ነርሷ ግቢውን ቀስ እያለች ታዞራታለች።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ባዝራዋ ጅራቷን አነሳች። አራት ፍሬ ፋንድያ። ዘበኛው ሳይቀር ሊያይ መጣ። ነርሷ አካፋዋን እንደያዘች እንባዋ ዱብ አለ። ይህን የሰማ ባሏ እስከ ዛሬ ቅር ይለዋል፤ በሠርጋቸው ቀን አንዲት እንባ ጠብ አላደረገችማ።

ነጋዴው «እጅዎ ይባረክ ዶክተር» የሚል ጽሑፍ ያለበት ኬክ ይዞ መጣ። ሐኪሙ በትሕትና ተቀበሉ፤ ለእሷም ከዳር ቆርሰው ሰጧት። በወሩ በባለሙያዎች ስብሰባ ላይ ስለ ዝምተኛ ሕመም ንግግር አደረጉ፤ አዳራሹ አጨበጨበ። እሷም ከኋላ ወንበር አጨበጨበች፤ ንግግሩ ጥሩ ነበር፣ አብዛኛውን ታውቀዋለች።

ሲወጡ ሐኪሙ አጠገቧ መጥተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ትናንት የገባውን ግራጫውን ፈረስ አየሽልኝ?»

«አየሁት። አላማረኝም።»

ሐኪሙ የተዘጋጀላቸውን የምሳ ግብዣ ትተው ወደ ጋጣው ከኋላዋ ተከተሏት።